የወለቀው ዕቃ የት አለ? ሞዲፋይ የተደረገ አሮጌ ሞተር በስንት ይገዛል

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ አሮጌ ሞተር ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው ያማሃ ዲቲ ነው። የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞሩበት የኖረ፣ ጭቃና ኮረኮንች የለመደ፣ በኋላም በጨረታ ወጥቶ ግለሰብ እጅ የገባ ሞተር ነው። ከሱ ጋር ያማሃ ኤጂ 100፣ ሱዙኪ ቲኤፍ 125፣ ሆንዳ ኤክስኤል 125 ይነሣሉ። ዛሬ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ማግኘት ከባድ ነው። አንዱ መቀመጫውን አሳጥሮታል፣ ሌላው ማርሚታውን ቀይሮታል፣ ሌላው ጭራሽ ኢንጂኑን አውርዶ የቻይና ገጥሞለታል። ሊሸጥ ሲነሣ ደግሞ ያወጣውን ወጪ ሁሉ ደምሮ ዋጋ ይጠራል።

ብዙ ገዢ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ የጨመረውን ይቆጥርለታል፣ እሱም የተጨመረውን እያየ ይከራከራል። እኔ ከዓመታት መግዛትና መሸጥ በኋላ የያዝኩት መንገድ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ የምጠይቀው የወለቀውን ነው። ምን ተነሣ? የተነሣው የት አለ? ለመመለስ ስንት ይፈጃል? የአሮጌ ሞተር ዋጋ የሚደበቀው እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ ራሴ የምከተለውን ቅደም ተከተል ነው።

መነሻ ዋጋ መያዝ

ያ ሞተር ምንም ሳይነካ ቢቆይ ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር? ተመሳሳይ ሞዴል፣ ተቀራራቢ ዘመን፣ በሥራ ላይ ያለ፣ ወረቀቱ ንጹሕ የሆነ ሞተር በቅርቡ በስንት እንደተሸጠ አጣሩ። ቢያንስ ሦስት ሽያጭ አግኙ። የተጠራ ዋጋ አትቁጠሩ፤ ብር ከእጅ እጅ የተቀባበለበትን ብቻ ያዙ። ይህን የሚያውቁት ደላሎች ሳይሆኑ መካኒኮች ናቸው። አዲስ ገዢ ሞተሩን እንደገዛ ለሰርቪስ የሚወስደው እነሱ ዘንድ ስለሆነ ስንት እንደከፈለ ይነግራቸዋል። ደላላው የሚነግራችሁ ዋጋ ውስጥ የራሱ ኮሚሽን አለ።

ያረጀ ዋጋ አትያዙ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል፤ ስለዚህ «ወንድሜ ያኔ በዚህ ገዝቶ ነበር» የሚል ወሬ ለስሌት አይሆንም። ወቅቱንም አስቡበት። በጥርና በየካቲት ጤፉ ተወቅቶ እህል ሲሸጥ ሞተር ፈላጊው ይበዛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን የገጠሩ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ገዢው ይቀንሳል። መግዛት የምትፈልጉ ከሆነ ክረምት ላይ ግዙ፤ ጃንጥላ ይዛችሁ ሞተር ማየት ያከስራል የሚል የለም።

ወረቀቱን ከብረቱ ጋር ማስተያየት

ወረቀት ካልተስተካከለ የቀረው ምርመራ ትርፍ ድካም ስለሆነ ከዚህ እጀምራለሁ። ሊብሬውን በእጃችሁ ያዙ። በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ይዛችሁ መሪው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበትን አንገት ጥረጉት። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው እዚያ ላይ ነው፣ ቅባቱና አቧራው ሲለቅ ይገለጣል። ስስ ወረቀት አስደግፋችሁ በእርሳስ ብታሹት ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ፊደሎቹ እኩል ጥልቀት አላቸው? ከመስመር የወጣ ቁጥር አለ? በሞረድ የተፋቀ የሚመስል አንጸባራቂ ቦታ አለ? ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ከሆነ ተጠንቀቁ። ቀጥሎ ኢንጂኑ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር በዚያው መንገድ አውጥታችሁ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ሞዲፋይ በተደረገ ሞተር ላይ በብዛት የሚፋለሰው የሞተር ቁጥሩ ነው። ኢንጂኑ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ስም ስታዞሩ ችግሩ የእናንተ ይሆናል። ሻጩ «ቀላል ነው፣ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደህ ታስተካክላለህ» ሊል ይችላል። ቀላል ከሆነ ሽያጩ ሳይፈጸም እሱ ያስተካክለው። በዋጋ ቅናሽ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ድሮ ኮድ 4 የነበረ የመንግሥት ሞተር ከሆነ የጨረታው ሰነድ መኖሩንና ወደ ግል መዞሩን አረጋግጡ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ወካዩ በሕይወት መኖሩን ጠይቁ። ወካይ ሲሞት ውክልናው ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈረም ውል ከወራሾች ጋር ያጣላል። የቦሎውን ዓመትም እዩ። ያለፈ ዓመት ካለ ክፍያውንና ቅጣቱን ጠይቃችሁ ከዋጋው ላይ አንሡ።

ቀዝቅዞ ሳለ ማየት

ለሻጩ «ሳልመጣ እንዳታስነሣው» በሉት። ስትደርሱ ሲሊንደሩን በእጃችሁ ዳስሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ በቀዝቃዛው የማይነሣ ሞተር ሊሆን ይችላል። ከዚያ በርግጫ አስነሡት። ጤነኛ ዲቲ በሁለት ሦስት ርግጫ ይነሣል። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ማውጣቱ አያስደንግጣችሁ፤ ዲቲ ቱ ስትሮክ ነው፣ ዘይትን ከቤንዚን ጋር እያቃጠለ ነው የሚሠራው። ከሞቀ በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ ካላቆመና የካምቢዮ ዘይቱ እየጎደለ ከሆነ ግን ዘይቱን የሚያግደው የክራንክ ሻፍቱ ጎማ አርጅቷል ማለት ነው። ሌላው ምልክት ጋዝ ሰጥታችሁ ስትለቁ ወደ ሚኒሞ (ያለ ጋዝ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ቶሎ አለመመለሱ ነው፤ በሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው።

ካንዴላውን ፈትታችሁ ጫፉን እዩ። እንደተቆላ ቡና ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥላሸት የለበሰና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ የሚያስፈራው ይኸኛው ነው።

ካንዴላው ከወለቀ አይቀር ኮምፕረሽን፣ ማለትም ፒስቶኑ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚያምቀውን ግፊት ለኩ። መለኪያው ብዙ መካኒኮች ጋር አለ። የካንዴላውን ገመድ ከብረቱ ጋር አገናኙ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ርገጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በማኑዋል የሚጻፈው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፣ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። ወደብ ላይ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ሲሊንደር ማርቆስ ላይ 90 አካባቢ ቢያሳይ አልታመመም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ቅናሹ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ይህን ሳታውቁ ጤነኛ ሞተር ጥላችሁ እንዳትሄዱ፤ ሻጭ ከሆናችሁም በዚህ ሰበብ ዋጋ አታስቀንሱ።

ሲሊንደሩ ስንት ጊዜ ሪቦር እንደተደረገ፣ ማለትም ውስጡ ተፍቆ እንደሰፋ መጠየቅ ግድ ነው። የዲቲ 125 ፒስቶን ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊንደሩ በተፋቀ ቁጥር 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እያለ እስከ 1.00 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ፒስቶን ይገባበታል። ልኩ ፒስቶኑ አናት ላይ ተጽፏል፤ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሲከፈት ይታያል። ሻጩ ለማስከፈት ፈቃደኛ ከሆነ ከክዳኑ ሥር ያለውን የጓርኒሲዮን ዋጋ እናንተ ቻሉና አስከፍቱ፤ የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም። 1.00 ላይ የደረሰ ሲሊንደር የቀረው ዕድሜ የለም። ቀጣዩ ጥገና ሌላ ሲሊንደር መፈለግ ወይም ቶርኖ ቤት አዲስ ግድግዳ ማስገባት ነውና ያን ወጪ ዛሬ ከዋጋው ላይ አንሡት።

ከደጀን ቁልቁል

በዚህ የተቀጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። አንድ ዲቲ 125 ገዛሁ። የአየር ማጣሪያ ሳጥኑ ወጥቶ በምትኩ ክፍት ማጣሪያ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር አፍ ላይ ታስሮለት ነበር። የዘይት ፓምፑም ተነቅሎ ቦታው በላሜራ ተደፍኗል፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነበር የሚሞላው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 አውቶሉብ ብሎ ያስተዋወቀው ዘይትን በራሱ መጥኖ የሚረጭ ፓምፕ ነው፤ ያን ነው ያወለቁት። ሻጩ «አሁን ትንፋሽ አግኝቷል፣ ስቦ ነው የሚሄደው» አለኝና ለማጣሪያውም ለማርሚታውም ተጨማሪ ከፈልኩ። ማርቆስ ላይ እውነትም ይስብ ነበር። ለማርቆስ ስስ አየር ተብሎ የካርቡሬተሩ ጅግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ቁራጭ) በትንሽ ቁጥር ተቀይሮ ነበርና።

ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ያወርዳል። ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር አየሩ እየወፈረ፣ ያቺ ትንሽ ጅግለር የምትሰጠው ቤንዚን ደግሞ ለዚያ አየር እያነሰ ሄደ። በዚያ ላይ ጋዙን ዘግቼ በማርሽ እየያዝኩ ነበር የምወርደው። ጋዝ ሲዘጋ የሚገባው ቤንዚን በጣም ያንሳል፤ ዘይቱ ያለው ቤንዚኑ ውስጥ ስለሆነ ዘይቱም ያንሳል። ድልድዩ ጋ ልደርስ ስል የኋላ ጎማው ድንገት ቀጥ ብሎ ተንሸራተተ። ፍሪሲዮኑን የጨበጥኩት በደመ ነፍስ ነው፤ ባልጨብጥ ኖሮ ገደሉ ቅርብ ነበር። ሞተሩን አይሱዙ ላይ ጭኜ ደጀን ተመለስኩ። ቴስታታው ሲከፈት ፒስቶኑ ጎኑ ተፋፍቆ፣ አሉሚኒየሙ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ እንደ ሰም ተለጥፎ አየሁት። ፒስቶን፣ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት)፣ ሪቦርና የጭነት ዋጋ ስደምር «ጭማሪ» ተብሎ የከፈልኩት ብር ሁለት ጊዜ ወጣብኝ።

ከዚያ ወዲህ ክፍት ማጣሪያና የተነቀለ ፓምፕ ሳይ የምደምረው ነገር የለም፣ እቀንሳለሁ። የማጣሪያ ሳጥኑንና ፓምፑን ለመመለስ የሚወጣውን አስልቼ አነሣለሁ። ካርቡሬተሩ ውስጥ የገባው ጅግለር ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ የፋብሪካው የት እንዳለም እጠይቃለሁ። ቤንዚን የሚቀላቀልበትን ልክም ጠይቁ። ባለቤቱ «ለ20 ሊትር 1 ሊትር ዘይት» ብሎ ወዲያው ከመለሰ ሞተሩን ያውቀዋል። «እንዲሁ በግምት» ካለ ግን የሲሊንደሩን ጤና በግምት አትመኑ።

ሻንሲው

መብራትና መቀመጫ ይመለሳል፤ የተቆረጠ ብረት ግን እንደነበረ አይሆንም። ከመቀመጫው ሥር፣ ከኋላው የጭነት ቦታ፣ የኋላ አሞርዛተር ከሚታሰርበት አካባቢና ከመሪው አንገት ሥር ብየዳ ፈልጉ። የፋብሪካ ብየዳ ወጥና ስስ ነው። ጋራዥ የተበየደው ወፍራምና ጉብጉብ ያለ ሆኖ ይታያል፤ በስቱኮ ተሞልቶ ከተቀባ ደግሞ በጥፍር ሲንኳኳ ድምፁ ይለያል። ከኋላ ያለውን ጅራት ለማሳጠር ብቻ የተቆረጠ ከሆነ በዋጋ ይስተካከላል። የመሪው አንገት አካባቢ የተበየደ ከሆነ ግን እኔ በምንም ዋጋ አልገዛም፤ ሰው የሚሞትበት ቦታ ነው።

ሻንሲው መጣመሙን በሲባጎ እዩ። የፊት መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ሲባጎውን ከኋላ ጎማው ጎን ጀምራችሁ ወደ ፊት ወጥሩት፣ ከዚያ በሌላው ጎን ድገሙት። የፊት ጎማው ቀጭን ስለሆነ ሲባጎው ላይነካው ይችላል፤ በግራና በቀኝ ያለው ክፍተት ግን እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጎን ጣት አስገብቶ ሌላው ከነካ ሞተሩ ወድቋል ወይም ኋላው ሲሠራ ተጣሟል።

የቀረውን በፍጥነት ማየት ይቻላል። የፊት ጎማውን አንሥታችሁ መሪውን ስታዞሩ የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። የፊቱ አሞርዛተር ዘይት ካንጠባጠበ፣ ካቴናው ከኋላው ጥርስ ላይ ወደ ውጭ ሲሳብ ከራቀ፣ ቸርኬው ሲሽከረከር ከተወላገደ እያንዳንዱን ከነእጅ ዋጋው ጻፉ።

ለውጡን መመዘን

የተደረገ ለውጥ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የድሮዎቹ ዲቲዎች መብራት 6 ቮልት ነበር፤ ማታ ከሻማ የማይሻል ነው። ወደ 12 ቮልት የተቀየረ፣ ሽቦው በሥርዓት የታሰረ፣ ፊውዝ ያለው ሥራ ካያችሁ ደምሩለት። የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ፕላቲን ወጥቶ በኤሌክትሮኒክ ሲዲአይ የተተካም እንዲሁ፤ ክረምት ላይ ለመነሣት ያግዛል። ጠንካራ የጭነት ወንበር ለገጠር ሥራ የሚጠቅም ነው። እንዲህ ላለው እኔ የምደምረው ዛሬ ለማሠራት ከሚወጣው ሲሶውን፣ በጣም ጥሩ ከሆነ ግማሹን ነው። ሙሉውን አልደምርም፤ ዕቃው ያገለገለ ነው፣ ሥራውም በባለቤቱ ምርጫ የተሠራ ነው። ቀለም፣ ስቲከርና ጌጥ ላይ ምንም አልደምርም። ቀለሙ ሊብሬው ላይ ካለው ከተለየ እንዲያውም የማስቀየሪያውን ወጪ አነሣለሁ።

ኢንጂኑ የተቀየረ ዲቲ እንደ ዲቲ አይተመንም። የቻይና ፎር ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር የማያቃጥል ኢንጂን) የተገጠመለት ሞተር ጥሩ የሥራ ሞተር ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚን ይቆጥባል፣ መለዋወጫውም ቡሬ ላይ እንኳ አይጠፋም። ግን መነሻ ዋጋው ሌላ ነው። ያገለገለ ሻንሲ በስንት፣ ያገለገለ የቻይና ኢንጂን በስንት ብላችሁ ደምሩ፤ ስሙን ብቻ አይታችሁ የዲቲ ዋጋ አትክፈሉ። የድሮው ኢንጂን ከሞተሩ ጋር የሚሰጥ ከሆነ ግን ወሬው ይለወጣል።

ስሌቱ

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች መንገዱን ለማሳየት ብቻ የያዝኳቸው ናቸው፤ የከተማችሁን ዋጋ ራሳችሁ ተኩበት። ሦስቱ ሽያጭ የሰጠን መነሻ 140,000 ብር ነው እንበል። ሻጩ ደግሞ «90,000 አውጥቼበታለሁ» ብሎ 190,000 ጠርቷል። ፒስቶን ከነሪቦሩ 14,000፣ የኋላ ጎማና ካቴና ከነጥርሱ 11,000፣ የፊት አሞርዛተር ጎማ 3,000፤ ጥገናው 28,000 ሆነ። የተቆረጠውን የኋላ ሻንሲ ማስመለሻ 6,000፣ የጠፋውን የፋብሪካ ማርሚታ ያገለገለ መግዣ 9,000፤ ማስመለሻው 15,000 ነው። ከ140,000 ላይ ሁለቱን ስናነሣ 97,000 ይቀራል። የ12 ቮልቱ ሥራ ጥሩ ስለሆነ 7,000 እንጨምራለን። ሻጩ ጓዳ ያስቀመጠው የፋብሪካ ታንከር፣ የጎን ሽፋኖችና የመብራት መያዣ አብሮ ስለሚሰጥ 8,000 እንጨምርና 112,000 ይሆናል። ከዚያ ላልታየ ጣጣ 10,000 አነሣለሁ። አሮጌ ሞተር ገዝቼ ይህ መጠባበቂያ የተረፈኝ ጊዜ የለም። 102,000 ደረሰ። የመጀመሪያ ዋጋዬ 95,000 ይሆናል፣ 102,000 ግን ጣሪያዬ ነው፤ አልፌ አልሄድም።

ድርድሩ

ዝርዝሩን በወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ። ጎጃም ውስጥ አሮጌ ሞተር የሚሸጥላችሁ ሰው ብዙ ጊዜ በዕድሜ ይበልጣችኋል፣ ሞተሩም የወጣትነት ዘመኑ ነው። አታጣጥሉበት። አንድ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ «ልጄ፣ ለዚህ ማርሚታ ብቻ ስንት እንዳወጣሁ ታውቃለህ?» አሉኝ። «አያ፣ ማርሚታው ያምራል። የድሮውስ የት አለ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። የበቆሎ ጎተራው ሥር አንድ ጆንያ አለ፤ ውስጡ የፋብሪካው ማርሚታ፣ የማጣሪያ ሳጥኑ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የዘይት ፓምፕ፣ በክር የታሰሩ ጅግለሮች። እሳቸው ብረት ብቻ መስሏቸው ዋጋ ላይ አላስገቡትም ነበር። እኔ ግን አስገባሁት፤ ከያዝኩት ዋጋ 12,000 ጨመርኩላቸው። ለምን እንደጨመርኩም ነገርኳቸው። ሰውን ባላወቀው ዕቃ መብለጥ አልፈልግም፤ ከሳቸው ጋር እስከዛሬም ሰላምታችን አልተቋረጠም።

ከተስማማችሁ ቀብድ ስትሰጡ በጽሑፍ ይሁን። ውሉ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ ሊብሬውን፣ የቦሎ ዕዳ ካለ ማን እንደሚከፍል፣ አብረው የሚሰጡትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ጻፉ። «ከነሙሉ ዕቃው» የሚል ቃል አይበቃም፤ ፓምፕ 1፣ ማርሚታ 1፣ ማጣሪያ ሳጥን 1 እያላችሁ ዘርዝሩ። ጆንያውንም «ነገ እልክልሃለሁ» ቢሏችሁ አትተዉት፤ የዚያኑ ዕለት የኋላ ወንበሩ ላይ አስራችሁ ይዛችሁት ሂዱ።